ባትሪውን ለዘገምተኛው ስጡ

የአንባቢያን ጥያቄዎችና የመምህሩ መልሶች

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ባንክ የምሠራ የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። አራት ጓደኛሞች ነን፤ ሦስታችን የሥራ ባልደረቦች ስንሆን አንዱ ነርስ ነው። ከሥራ የምንወጣው አምሽተን ስለሆነ ላለፉት ሰባት ወራት የምንሮጠው ከመሸ በኋላ ነው፤ አምስት፣ አንዳንዴም ስምንት ኪሎ ሜትር። አሁን በራሳችን፣ በአንድ ሌሊት፣ ግማሽ ማራቶን እንሩጥ የሚል ሐሳብ መጣ። ውድድር አይደለም፤ ሜዳሊያም ካናቴራም የለውም። ግን ሦስት ነገር አስቸገረን። አንደኛ፣ ነርሱ ጓደኛችን ከእኛ በጣም ይዘገያል፤ ጥለነው ብንሄድ ያሳዝነናል፣ ቆመን ብንጠብቀው ሰውነታችን ይቀዘቅዛል። ሁለተኛ፣ ጅብ። ሦስተኛ፣ በስንት ሰዓት መጨረስ እንዳለብን አናውቅም። ምን ይመክሩናል?
(ደ. ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ከዚሁ ከተማ፣ አራት ሆኖ፣ በሌሊት፣ ያንኑ ርቀት! ልጄ፣ ደብዳቤህን ሳነብ የእኔን ታሪክ ከማን ሰማኸው አልኩ።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጨርስ። የሌሊት እንቅስቃሴ የተከለከለበት ወይም መንገዱ ሰላም ያልሆነበት ጊዜ ከሆነ ከዚህ በታች የጻፍኩትን ሁሉ ለሌላ ጊዜ አስቀምጡት። ሩጫ ይጠብቃል። ሰላም በሆነበት ጊዜም ቢሆን ለአካባቢው ጥበቃ አስቀድማችሁ ንገሩ። በሌሊት አራት ጎልማሳ ተከታትሎ ሲሮጥ ያየ ዘበኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጣችሁ ሳይሆን ምን ሰርቃችሁ እንደምትሮጡ ነው።

ዘመኑ 1993 ዓ.ም. ነው። መስከረም 21 ቀን ገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ኦሊምፒክን ማራቶን አሸነፈ፤ ተስፋዬ ቶላም ሦስተኛ ወጣ። በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ለሁለት ሳምንት ያህል ከማራቶን ሌላ ወሬ አልነበረም። እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርኩ። የሒሳብ፣ የታሪክና የኬሚስትሪ መምህራን ከሚያዝያ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ አብረውኝ ይሮጡ ስለነበር እግራቸው ባዶ አልነበረም። ሙሉውን ለመሞከር ግን ድፍረቱ ጠፋ፤ በግማሹ ተስማማን። ለምን በሌሊት? የታሪክ መምህሩ ቁምጣ ለብሶ ተማሪዎቹ ፊት ከመታየት ሞቱን ይመርጥ ስለነበር ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረንም።

የሒሳብ መምህሩ ርቀቱ በግምት አይሆንም አለ። ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው፤ ሄዶ ለመመለስ መዞሪያው 10,548 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ላይ ይውላል። ሰውዬው በብስክሌቱ የፊት ጎማ ሽቦ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ከ10 እንደሚሄድ በትምህርት ቤቱ ግቢ በሜትር ለካ። ከዚያ ከከተማው በሚወጣው የጠጠር መንገድ ላይ ቀስ ብሎ እየነዳ፣ ጨርቁ ከላይ ብቅ ባለ ቁጥር እየቆጠረ 5,023 ዙር ሄደ። ቁጥሩ እንዳይጠፋበት በግራ ኪሱ 50 ፍሬ የባቄላ ቆሎ ይዞ ነበር፤ በየመቶው ዙር አንዷን ወደ ቀኝ ኪሱ ያዛውራል። ግራው ባዶ ሲሆን 5,000 ሞላ ማለት ነው። መዞሪያው ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ መርጦ በጠመኔ ነጭ አደረገው። ቤቱ ገብቶ ባቄላውን ሲቆጥር ግን 49 ሆኖ ተገኘ። መንገድ ላይ ሳያስበው አንዷን በልቷታል! ከቀኝ ኪሱ ከበላት ምንም ችግር የለም። ከግራው ከበላት ግን መዞሪያው 210 ሜትር፣ ደርሶ መልሱ ደግሞ 420 ሜትር አጥሯል። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም።

ቀኑ ዓርብ ጥቅምት 3 ነበር፤ ጨረቃዋ ሙሉ። ይህን ቀን የመረጥነው አውቀን ነው። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ዕለት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እሷ በምሥራቅ ብቅ ትላለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ከአንተ ጋር ናት። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ግን በየዕለቱ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ እየዘገየች ስለምትወጣ የምሽቱ መጀመሪያ ጨለማ ይሆናል። ስለዚህ እናንተም ቀን ስትቆርጡ ሙሉ ከምትሆንበት ዕለት ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ እስከዚያው ዕለት ድረስ ካሉት ምረጡ። ከሙላቷ በፊት ባሉት ቀናት ገና ሳይመሽ ሰማይ ላይ ትጠብቃችኋለች።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተነሳን። ብርዱ የጥቅምት ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ እኛ ግን በዕለተ ዓርብ ሽሮ በልተን ነው የወጣነው። አንድ ባለ ሦስት ድንጋይ ባትሪ ነበረን፤ ለአራት ሰው አንድ። እኔ የሩጫው አዋቂ ነኝ ብዬ ከኋላ ሆኜ ለሁሉም ላበራላቸው ያዝኩት። ልጄ፣ ይህን ስህተት እኔ ሠርቼልሃለሁና አንተ አትድገመው። ከኋላ የሚመጣ ብርሃን ከፊትህ ያለውን ዛፍና አጥር ሁሉ ያሳይሃል፤ እግርህ የሚያርፍበትን ብቻ አያሳይህም። እዚያ ላይ የገዛ ጥላህ ተጋድሟል። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የታሪክ መምህሩ ራሱ ጥላ ውስጥ በነበረ ጉድጓድ ገብቶ በመዳፉና በጉልበቱ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ።

ተነሣና ባትሪውን ነጠቀኝ። ይገባዋል። ከፊት ሆኖ መንገዱን እያበራ ሄደ፤ ከመካከላችን ፈጣኑ እሱ ስለነበር በንዴትም ጭምር ፈጠነ። እኛም ብርሃኑን ተከትለን ፈጠንን። ብዙም ሳንሄድ የኬሚስትሪ መምህሩ የኮቴው ድምፅ ጠፋ። ቆመን ስንጠራው፣ «አለሁ፣ ሂዱ!» የሚል ድምፅ ከሩቅ መጣ። በ31 ዓመት የማስተማር ዘመኔ ይህን «አለሁ፣ ሂዱ» የሚለውን ቃል ስንት ልጅ ብሎኛል! እግሩ አልቆ ኩራቱ ያላለቀ ሰው የሚናገረው ቃል ነው። እሱ እስኪደርስ ድረስ ቆመን ጠበቅነው፤ ላቡ ጀርባችን ላይ እንደ በረዶ ሆነ። አንተ የጻፍክልኝ «ሰውነታችን ይቀዘቅዛል» ያ ነው።

ሲደርስ የሒሳብ መምህሩ ባትሪውን ከታሪክ መምህሩ እጅ ወስዶ ለኬሚስትሪው ሰጠውና «አንተ ቅደም» አለው። ሌላ ቃል አልተናገረም። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ማንም ማንንም ጥሎ አልሄደም፤ ብርሃኑን ጥሎ ወደ ጨለማ የሚሮጥ የለማ። መጠበቅ ቀረ፣ መቀዝቀዝ ቀረ። የኬሚስትሪ መምህሩ ያፍራል ብለን ፈርተን ነበር። ምን ያፍራል! አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ የጦር አዛዥ ሆኖ አረፈው፦ «ጉድጓድ በግራ!»፣ «ድንጋይ!»፣ «ቀኙን ያዙ፣ ውኃ አለ!» ሰኞ ክፍል ሲገባ እንኳ ድምፁ አልበረደለትም ነበር ብለው ተማሪዎቹ ይስቁበት ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄህ መልስ ይኸው ነው፦ ነርሱ ከፊት፣ ባትሪው በእጁ። ዛሬ በግንባር የሚታሰር ባትሪ በየሱቁ አለ፤ አራታችሁም ልትይዙ ትችላላችሁ፣ ያዙም። ነገር ግን የሚበራው የፊተኛው ይሁን፤ የሌሎቻችሁ ድንገት ቢያስፈልግ ተብሎ በኪስ ይቀመጥ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ግንባር ላይ ያለ ብርሃን ከዓይንህ አቅጣጫ ስለሚወጣ ጠጠሩንና ጉድጓዱን አንድ ወጥ አድርጎ ያሳይሃል፤ ጥላቸውን አታይም። በእጅ ከወገብ ዝቅ ተደርጎ የተያዘ ብርሃን ግን ከእያንዳንዱ ድንጋይ ጀርባ ጥላ ያወጣል፤ መንገዱ ጎድጎድና ጎበጥ ማለቱ ይታወቃል። የስልክ መብራት አልመክርም፤ ሲወድቅ ሁለት ኪሳራ ነው። ደግሞ ግንባሩ ላይ መብራት ያሰረ ሰው ሲያናግራችሁ ፊቱን አያዙር በሉት። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ አንዲት የብርሃን ብልጭታ ያን ሁሉ ታጠፋዋለች።

ከዋናው የመኪና መንገድ ራቁ። መራቅ ካልተቻለ መኪና ፊት ለፊት እንዲመጣባችሁ በግራ ጠርዝ ሩጡ፤ ትራፊክ ፖሊሶች የሚለብሱትን ዓይነት አንጸባራቂ ሰደርያ ልበሱ። መንገዱንም በዚያው ሳምንት በቀን ሄዳችሁ እዩት። ባለፈው ወር ያልነበረ ቦይ ዛሬ ተቆፍሮ ይሆናል።

አሁን ወደ ጅቡ። ጅብ ሰው አይነካም ብዬ አልዋሽህም፤ ብቻውን የወደቀን ሰው እንደሚነካ አገር ያውቃል። በእኛ አካባቢ ወደ ከተማ የሚያስጠጋው ግን ጥንብና ቆሻሻ ነው። ስለዚህ ከቄራና ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ የሚያልፍ መንገድ አትምረጡ። አራት ሰው ተጠጋግቶ፣ እያወራ፣ መብራት ይዞ ሲመጣ ጅብ ገለል ይላል። የሚያጓጓው ከኋላ የተንጠባጠበው ነው፤ ዘገምተኛው ከፊት ሲሆን ደግሞ የሚንጠባጠብ የለም።

እኛም ያን ሌሊት፣ መዞሪያውን አልፈን ስንመለስ፣ ከፊታችን ዝቅ ብለው ሁለት አረንጓዴ ዓይኖች በሩ። የኬሚስትሪ መምህሩ «ጅብ!» አለና ደርቆ ቆመ፤ እኛ እርስ በርስ ተላተምን። ባትሪው እየተንቀጠቀጠ ጠጋ ሲል አህያ ናት። መሐል መንገድ ተኝታ ታመሰኳለች ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አህያ አታመሰኳም። ዝም ብላ ታየናለች። ከመነሳትም አልተነሳች። የታሪክ መምህሩ ነገሩን ወዲያው ተረጎመው፦ «አህያ ተዘልላ በተኛችበት አገር ጅብ የለም፤ እንሂድ!» በዙሪያዋ አልፈን ሄድን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። እኔ የምፈራው ይህን የሚጮኸውን ነው። የሚሮጥ ሰው ያየ ውሻ ይከተላል። ሲመጣባችሁ ሩጫውን አቁማችሁ ፊታችሁን ወደ እሱ አዙሩ፤ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ። ድንጋይ ባይኖርም የአገራችን ውሻ ምልክቱን ያውቀዋል። ከነከሰ ግን ቀልድ የለም። ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ እዚያው ሌሊት ወደ ጤና ተቋም ሂዱና ስለ እብድ ውሻ ክትባት ጠይቁ። «ውሻውን እንየው፣ ነገ እንሂድ» የሚባል ነገር የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ቀድሞ ክትባት የወሰደ ግን ይተርፋል። ነርስ አብሯችሁ መሮጡ መታደል ነው፤ ሳሙና ግን ያስይዙት።

ስለ ሰዓት ጠይቀሃል። በኪሎ ሜትር ሰባት ደቂቃ ብትሄዱ 2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ገደማ ትጨርሳላችሁ፤ በስድስት ተኩል 2 ሰዓት ከ17። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ ዳገትም አለ። በጨለማ ደግሞ ሰው ከሚሄድበት በላይ የሚፈጥን ይመስለዋል፤ ብርሃኑ የሚያሳየው ቅርቡን ብቻ ስለሆነ ድንጋዩ ሁሉ ወደ አንተ የሚወረወር ይመስላል። ስለዚህ በሰዓት ሳይሆን በወሬ ተመሩ። የታሪክ መምህሩ ያን ሌሊት ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ይተርክልን ነበር፦ ከተማዋ መንቆረር ትባል ከነበረበት ጀምሮ ዘውድ እስከ ጫኑበት፣ ከዚያም በ1874 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር እስከ ተዋጉበት እስከ እንባቦ። ዳገት ላይ ንጉሡ እንባቦ ሳይደርሱ ትረካው ከተቆራረጠ «ቀስ በል!» እንለው ነበር። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው ሰው ከአቅሙ በላይ እየሮጠ ነው።

ልምምዱን በተመለከተ፦ ከስምንት ኪሎ ሜትር ወደ 21 በአንድ ጊዜ አትዝለሉ። በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሩጫ ይኑራችሁ፤ በየሳምንቱ አንድ ወይም አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ጨምሩ፣ በየአራተኛው ሳምንት ቀንሱ። ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ 17 ወይም 18 ስትደርሱ በቂ ነው፤ ቀሪውን ጨረቃዋ ትጨርስላችኋለች። ከረጅሞቹ ሩጫዎች ሁለቱን በዚያው መንገድ በሌሊት አድርጓቸው።

እኛ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ፈጀብን፤ ጉድጓዱንና አህያዋን ጨምሮ። የባቄላዋ ነገር እስኪወሰን ይህም በይግባኝ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ፍኖተ ሰላም አስተምራለሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እንሮጣለን፤ አሁን 12 ደርሰናል፣ ሐሳባችን 21 ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህልም ውኃም አልቀምስም። ስሮጥ ሆዴ ይነፋል፤ ከሩጫው በኋላ ራሴን ያመኛል። ተልባ ለሆድ ጥሩ ነው ብለውኝ ከሩጫ በፊት መጠጣት ጀምሬያለሁ። ምን ልብላ?
(የሦስት ልጆች እናት)

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ተልባውን ከሩጫ በፊት ተዪው! ተልባ ጥሩ ነው፤ ሥራውን ግን ታውቂዋለሽ፣ ሆድ ማለስለስ ነው። ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ በጨለማ፣ ቤት በሌለበት መንገድ ሥራውን ሲጀምር ምን ልትሆኚ ነው? ከፈለግሽ በማግስቱ ጠዋት... አይ፣ ጾም ነው። ከሩጫ በኋላ ጠጪው።

ራስ ምታቱ በአብዛኛው የውኃ ነው ብዬ እገምታለሁ። ቀኑን ሙሉ ሳትጠጪ ውለሽ፣ ፀሐይ ላይ ቆመሽ አስተምረሽ፣ ማታ ላብ ስታወጪ ጭንቅላትሽ ይጮሃል። በ9 ሰዓት አንድ ሊትር በአንድ ትንፋሽ መጠጣት መፍትሔ አይሆንም፤ ሆድ ውስጥ ይንቦጫረቃል እንጂ። ከ9 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ አንድ አንድ ብርጭቆ ጠጪ። ቡናውን ከውኃው ቀድመሽ አትጠጪ። እንዲህ አድርገሽም ራስ ምታቱ ካልተወሽ ሐኪም ይይሽ።

የሆድ መንፋቱን ደግሞ ሽሮና ክክ ነው የምጠረጥረው። ጥራጥሬ ለጾመኛ ትልቅ ምግብ ነው፤ ሯጭን ግን ቶሎ አይለቅም። በ9 ሰዓት ሽሮውን ብዪ፤ ረጅም ሩጫ ባለበት ቀን ግን መጠኑን ቀንሰሽ ድንች፣ ሩዝ ወይም ዳቦ አብዢ። ከሩጫው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ አንዲት ሙዝ። 21 ኪሎ ሜትር ስትሮጪ ደግሞ ከ40 ደቂቃ በኋላ የሚቀመስ ነገር ያዢ። እኔ ከበሶ የተሻለ አላገኘሁም፦ ሁለት ማንኪያ በሶ፣ ስኳር ወይም ቴምር ተፈጭቶ፣ ቁንጥር ጨው፣ በአንድ ሃይላንድ ውኃ ተበጥብጦ። ቀጠን ይበል፤ ወፍራም ከሆነ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። አያቶቻችን ለዘመቻና ለመንገድ ስንቅ ያደረጉት በከንቱ አይደለም። ቆሎ ግን በሩጫ ላይ አትቆርጥሚ፤ እየተነፈሱ መቆርጠም ትን ያስብላል። ደግሞ ቆሎ ከኪስ መብላት ምን እንደሚያስከትል ከላይ ጽፌያለሁ።

በሰሙነ ሕማማት ረጅም ሩጫውን ተይው ብዬ እመክራለሁ። ስግደቱ ለጭንሽ ጡንቻ ይበቃዋል። ስለ ጾሙ ሥርዓት ግን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ እኔ ስለ ሆድና ስለ እግር እንጂ ስለ ነፍስ አልመልስም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ጓደኞቼ የሚሮጡበት ሰዓት አይመቸኝም። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ብቻዬን በሐይቁ ዳር፣ በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ እየሰማሁ ብሮጥ ምን ችግር አለው?
(ቢ.)

መልስ፦ ሦስቱም ችግር ነው። ብቻህን መሆንህ፣ ጆሮህን መድፈንህና ሐይቁ። በጨለማ ከዓይን ይልቅ የሚጠብቅህ ጆሮ ነው፤ ብስክሌቱንም፣ ውሻውንም፣ ከኋላ የሚመጣውን ባጃጅም ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። የሐይቁ ዳር ደግሞ በተለይ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት አካባቢ የጉማሬ ነው። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ሌሊት ነው። ከባድ ነው፣ ከአንተም ይፈጥናል፣ በእሱና በውኃው መሐል የገባ ሰው ደግሞ ያስቆጣዋል። መሐል ከተማ መብራት ባለበት ሰፊ ጎዳና ሩጥ፤ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ለሚሄዱ ሰዎች እንደምን አደራችሁ እያልክ። አንድ ጓደኛ ግን ፈልግ። ከተማህ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሜዳ ናት፣ ንጋቱም ቀዝቀዝ ይላል፤ እንዲህ ያለ ቦታ አብሮህ የሚሮጥ አንድ ሰው አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። እኔ እየተናገርኩ ልጄ ናት የምትጽፈው። ደንበጫ ነው የምኖር። ወንዱ ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ ከሚማር ጓደኛውና ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር በሌሊት 21 ኪሎ ሜትር እንሮጣለን እያለ ነው። ሌሊት የሰው መሮጫ ነው እንዴ? ላቡ ሳይደርቅ የሌሊት ብርድ ሳንባውን ይመታዋል ብዬ ፈራሁ። ጓደኛውም የሚያድረው ከከተማው ዳር ነው፤ በዚያ ሰዓት እንዴት ብሎ ብቻውን ይሄዳል? አንድ ይበሉልኝ።
(እናት)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እኅቴ። ስጋትዎ ግማሹ ልክ ነው፤ በግማሹ እንከራከር።

ሌሊት የሰው መሮጫ ነው ወይ ብለዋል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሸነፈው ከመሸ በኋላ ነው። ሩጫው አመሻሽ ላይ ተጀምሮ ሲያልቅ ጨልሞ ነበር፤ ወታደሮች በመንገዱ ግራና ቀኝ ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አበበና አንድ የሞሮኮ ሯጭ በዚያ ጨለማ ለረጅም መንገድ ጎን ለጎን ሮጠዋል፤ አበበ የተለየው መጨረሻው አካባቢ፣ በዚያ ጊዜ ሮም ከነበረው የአክሱም ሐውልት አልፎ ነው። በቅርቡም በ2012 ዓ.ም. መስከረም ዶሃ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ላይ ነው የተጀመረው፤ የወንዶቹን ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ ሆነው ጨርሰዋል። ሌሊቱ ራሱ ጠላት አይደለም።

ብርዱን በተመለከተ፦ ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ የሌሊት አየር ብቻውን ሳንባ አይመታም። የሚሮጥ ሰው ገላው ምድጃ ነው። ችግሩ ሲቆም ነው፤ ላብ ያራሰው ካናቴራ የገላውን ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ይመጠዋል። ስለዚህ የፈሩት ነገር አለ፤ ያለው ግን መንገዱ ላይ ሳይሆን እርስዎ በር ላይ ነው። ቤት ሲደርስ ቆሞ እንዳያወራ፤ እርጥቡን አውልቆ ደረቅ ይልበስ። ዳማ ከሴውንም አይጣሉት፤ ሽታው ብቻውን ልጅን ያስተኛል።

ከልጁ ጋር ግን የምከራከርበት ሌላ ነገር አለኝ፤ ያንብቡለት። በእሱ ዕድሜ ሰው በሌሊት ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት መተኛት አለበት። በትምህርት ቀን ዋዜማ አይሮጥም፤ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ብቻ። ከወራት በፊት ጀምሮ ቀስ በቀስ ካልጨመረ 21 አይሞክር፤ አሥር ይበቃዋል፣ አሥር ኪሎ ሜትር በጨረቃ ትንሽ ነገር አይደለም። ባትሪውን ማን እንደሚይዝ ደግሞ ከላይ ጽፌያለሁ።

ስለ ጓደኛው ያሉት ልክ ነው። ከከተማው ዳር የሚያድር ልጅ ደክሞ፣ እግሩ ተሳስሮ፣ በዚያ ሰዓት ብቻውን መሄድ የለበትም። ማታ ሲወጡ ሁለት ደረቅ ሹራብና ሁለት ጋቢ በር አጠገብ ይስቀሉ። ሽሮውንም ለሁለት ሰው ይሥሩት።